ዞብልን በአውራ ጣቴ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት የጂኦግራፊ መምህራችን ትልቅ ካርታ ሰሌዳው ላይ ሰቀለ። መስቀሉን ያወቅሁት በወረቀቱ መንኮሻኮሽ ነው። ዓይነ ስውር ነኝ። በአራት ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ እኔ ስተርፍ ዓይኔ አልተረፈም። ከዚያ በፊት ያየሁት ነገር ካለ አላስታውሰውም፤ ስለዚህ የማወራው ሁሉ በእጅ፣ በእግር፣ በጆሮና በቆዳ ያወቅሁትን ነው።

«ዛሬ» አለ መምህሩ፣ «አገራችን በመሬቷ ቅርጽ በስንት የተፈጥሮ ክልል እንደምትከፈል እናያለን። በአንድ በኩል የምዕራቡ ከፍተኛ ቦታ ከነቆላው፣ በሌላ በኩል የደቡብ ምሥራቁ ከፍተኛ ቦታ ከነቆላው፣ በመሃላቸው ስምጥ ሸለቆ። ደብተራችሁ ላይ ሥሉና ለእያንዳንዱ የራሱን ቀለም ቀቡት።»

ክፍሉ በእርሳስ ቅረጻ ተሞላ። «ቡናማ ያለው! ቡናማ አልቆብኛል!» እያለ አንዱ ከኋላ ይጮኻል። የወንበር ጓደኛዬ ክርኗ ክርኔን እየነካ ትቀባለች። እኔ እጄን ዴስኩ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። መምህሩ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ ይሄን ተዪው። ፈተና ላይም የካርታ ጥያቄ አይመለከትሽም» አለኝ።

በደግነት ነው ያለው። ወጣት ነበር፤ ከደጋ መጥቶ ቆቦ የመጀመሪያ ሥራው ነው። እንደ እኔ ያለ ተማሪ አስተምሮ አያውቅም። ደግነቱ ግን አንገበገበኝ።

«ቲቸር፣ ካርታው የሚያሳየው ምንድን ነው?» አልኩት።

«የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ።»

«ታዲያ ከፍታና ዝቅታ የዓይን ነገር ነው እንዴ? እኔ በእግሬ ነው የማውቀው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ አልሳቀም። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ፤ ከዚያ «ነገ እንነጋገራለን» ብሎኝ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ።

በእግሬ አውቃለሁ ያልኩት ለጉራ አልነበረም። ቤታችን ቆቦ ገበያው አጠገብ ነው። የአባቴ ወላጆች ከደቡብ ትግራይ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሱም እህል ነጋዴ ሆነ፤ ማሽላና ጤፍ ይገዛል፣ ይሸጣል። አቦይ ነው የምለው፣ እሱም ጓለይ ይለኛል፤ «ልጄ» ማለት ነው በአያቶቼ ቋንቋ። እናቴ ደግሞ ከምዕራቡ ደጋ፣ ከላስታ በኩል የወረደች ናት። ለበዓል ወደ ዘመዶቿ ስንወጣ መኪናው ገና ከሜዳው እንደተላቀቀ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ቀጥሎ አንገቴ ላይ ብርድ ያርፋል። የእናቴ ዘመዶች ጋቢ እየደረቡልኝ «ቆለኞቹ መጡ! የቆላ ልጅ ብርድ የት ይችላል!» ይላሉ። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ግን ቆላ የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ትንሽ የመናቅ ነገር አለበት፤ ወባና አቧራ አብረውት የሚመጡ ይመስለኛል። የላክንላቸውን ማሽላ ሲበሉ ግን አንድም ቀን ንቀውት አያውቁም።

በማግስቱ መምህሩ ከትምህርት በኋላ ከእኔ ጋር እስከ አቦይ መጋዘን መጣ።

«አባት፣ አሮጌ ሳንቃ ይኖርዎት ይሆን? ሰፋ ያለ።»

«ምን ሊሠራበት?»

«አገር።»

«አገር?» አለ አቦይ። የሰማውን ያመነ አልመሰለኝም። መምህሩ አስረዳው፦ የኢትዮጵያን መሬት ከጭቃ ሊሠራ አስቧል፤ ተራራው ተራራ፣ ገደሉ ገደል ሆኖ፣ ልጅዎ በእጇ እንድታነበው። አቦይ ሲገባው ሳቀ። «አገር የሚቆምበት ሳንቃ ከተገኘማ፣ የኔ በር ምን ይሠራል!» ብሎ፣ መጋዘኑ የብረት በር ሲገባለት ጓሮ የተጣሉትን ሁለት የድሮ የእንጨት በሮች አስወጣ። በጋሪ ጭኖ ትምህርት ቤት ድረስ ያመጣቸው ራሱ ነው።

ጭቃውን ያመጡት የክፍሌ ልጆች ናቸው፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ሆርማት ወንዝ ዳር የሚቀረውን ደቃቅ አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው። ቀለም ሲቀቡ እየተነጫነጩ የነበሩት ሁሉ ጭቃ ሲሆን እንደ ሠርግ ቤት ተሯሯጡ። ሁለቱን በሮች ጎን ለጎን ገጥመን፣ መምህሩ የአገሪቱን ዳር በሲባጎ ከበበ፣ እኛ ጭቃውን ቆለልን። አመሻሽ ላይ ደጋው ቆሞ፣ ሸለቆው ተቦርቡሮ፣ ሁሉም ተጨብጭቦለት ወደ ቤት ሄድን።

በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ ተሰነጣጠቀች። ፀሐይ ላይ ትተናት ነበር፤ የቆቦን ፀሐይ ደግሞ ጭቃ አይችላትም። እጄን ሳሳርፍ ጣቴ የማይገባበት ቦታ አልነበረም።

«ምን አገኘሽ?» አለ መምህሩ።

«አገሪቱ በሙሉ ስምጥ ሸለቆ ሆናለች።»

ያን ቀን ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ ያልሳቀው መምህር አሁን ሆዱን ይዞ ሳቀ። አፍርሰን እንደገና ጀመርን። አሁን አፈሩ ተነፋ፣ የጤፍ ጭድና እበት ገባበት፣ ግድግዳ እንደሚለሰን ተለሰነ፣ ጥላ ሥር ደረቀ። ወንዞቹን በክር፣ ሐይቆቹን በለሰለሰ ጠጠር አደረግናቸው።

ሞዴሉ ደርቆ ያለቀ ቀን የነበረኝን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ? መምህሩ እጄን አንሥቶ ሰሜን ላይ አስቀመጠው። «ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። የምዕራቡ ከፍተኛ ቦታ ከመዳፌ በታች ሰፊ ነበር፤ ሻካራ፣ ጉብታ የበዛበት። ድንገት ጣቴ ወረደ፤ ተከዜ ነው። ወጣሁ፤ እንደገና ወረደ፣ ተጠማዞ ሄደ፤ ዓባይ ነው። ብዙ ጊዜ የሰማኋቸው ስሞች ሁሉ እያንዳንዳቸው ቦታ አገኙ። ወደ ምሥራቅ ስሄድ መሬቱ ከጣቴ ሥር ተቆርጦ ቀረና ወደ ስምጥ ሸለቆው ወደቅሁ። ሰሜኑ አፋር ላይ ሰፊ ነው፣ ወደ ደቡብ እየጠበበ ይሄዳል፣ ጠጠሮቹ በተርታ ይመጣሉ። ማዶ ስሻገር የባሌና የአርሲ ተራሮች፣ ከእነሱ ወዲያ ደግሞ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ቀስ እያለ ወደ ኦጋዴን የሚወርድ ሜዳ። ክልል የሚሉት ነገር ገባኝ። ሰው የሰጠው ስም ከመሆኑ በፊት የመሬቱ የራሱ ጠባይ ነው፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ሲጀምር እጅ ይነግርሃል።

«ቆቦስ የታለች?» አለች የወንበር ጓደኛዬ።

መምህሩ አንድ ፍሬ ማሽላ ወስዶ ጭቃው ላይ ለጠፈልን። በጣቴ ፈለግኋት። ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር በሚወርድበት ግድግዳ መሃል ላይ ነበረች፤ ገደል ላይ እንደ ተጣበቀች ዝንብ።

ክርክሩ ያኔ ተጀመረ። አንዱ «እኛ ስምጥ ሸለቆ ነን» አለ። ሌላው «የለም፣ የምዕራቡ ከፍተኛ ቦታ ነን፣ መጽሐፉ ወሎን እዚያ ነው ያስገባው» አለ። «ከፍተኛ ቦታ ሆነን ነው ታዲያ እንዲህ የሚያልበን?» አለ ሦስተኛው። የወንበር ጓደኛዬ ካርታው ላይ አፍንጫዋን ደቅና አየች። «ቆቦ መስመሩ ሥር ናት» አለች። «በሁለቱ ክልሎች መሃል የተሰመረው ወፍራም መስመር ዋጃንም፣ ቆቦንም፣ ሮቢትንም ሸፍኗቸዋል።»

እኔ ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር።

«ቲቸር፣ ይሄ ሞዴል ልክ አይደለም። በምሥራቃችን የዞብል ተራራ አለ። እዚህ ግን ከማሽላዋ በስተምሥራቅ ቁልቁል ብቻ ነው የሚሰማኝ።»

«መጽሐፉ ላይ ያለው እንደዚያ ነው» አለ። ቀጥሎ ግን፣ «እኔም እስከ ዛሬ ዞብልን ከሩቅ እንጂ ወጥቼ አላየሁትም» አለ።

ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። አቦይ እህል ሊያመጣ ወደ ዞብል የሚወጣ አይሱዙ ነበረው፤ ሾፌሩ ወዳጁ ነው። እኔ ጋቢና ውስጥ ከአቦይ ጋር ተቀመጥኩ፤ መምህሩ ከኋላ፣ ከባዶ ጆንያዎቹ ጋር። ከከተማው ወጥተን ሜዳውን ስናቋርጥ መኪናው አንድም ጊዜ አልተንገዳገደም። በመስኮቱ የማሽላ ሽታ ይገባል። አልፎ አልፎ ጎማው አሸዋ ላይ ሲገባ ድምፁ ይጠፋል፤ ውሃ የሌለው የወንዝ መንገድ ነው። ብዙ እንደሄድን ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ።

«አቦይ፣ መውጣት ጀመርን።»

«ጀመርን፣ ጓለይ።»

ጆሮዬ ተደፈነ፤ ዋጥ አደረግሁና ተከፈተ። ሙቀቱ ቀለል አለ። መኪናው ሲቆም መምህሩ ከኋላ ዘሎ ወረደና ክንዴን ይዞ ጥቂት አራመደኝ። ነፋሱ ፊቴን መታኝ፤ ትኩስና ደረቅ፣ የሩቅ ነፋስ።

«ከፊትሽ ያለው አፋር ነው» አለ። «እየወረደ፣ እየወረደ ይሄዳል።»

«ከኋላዬም ቁልቁል ነው» አልኩት።

ዞር ብሎ ሜዳችንን እያየ እንደሆነ ከእግሩ ድምፅ ገባኝ። ለረጅም ጊዜ አየ።

አቅራቢያችን ግመሎቹን የሚያሳርፍ አንድ የአፋር ነጋዴ ነበር። አቦይን ከገበያ ያውቀዋል፤ እጅ እየተሳሳሙ ተጠያየቁ። አቦይም ጥያቄዬን ጠየቀልኝ፦ «ወደ እኛ ስትመጡ መንገዱ እንዴት ነው?»

«ይወጣል፣ ይወጣል» አለ ሰውዬው፣ «ከዚያ ደግሞ ይወርዳል። ግመሌ ሁለቴ ይደክማል።»

መምህሩ የአለት ጠርዝ ላይ አስቀምጦን አስረዳን። ዩኒቨርሲቲ የተማረውና አሁን የሚያየው እዚያ ጋ ነው የገጠሙለት። ስምጥ ሸለቆው ሲሰምጥ የደጋው ዳር በአንዴ ተገምሶ አልወደቀም፤ እንደ ደረጃ እየሆነ ነው የወረደው። ከደረጃዎቹ በአንዱ ላይ መሬቱ መሃሉ ሰመጠ፣ የውጭው ጠርዝ ግን ቆሞ ቀረ። የቆመው ጠርዝ ዞብል ነው፤ የሰመጠው የራያ ሜዳ። ከዚያ ጎርፉ በየክረምቱ ከደጋው አፈር እየጠረገ አመጣ፤ ዞብል ደግሞ ከምሥራቅ ቆሞ አፈሩ እንዳያልፍ ያዘው። ጎድጓዳው ሞላ፣ ሜዳ ሆነ።

«ስለዚህ መጽሐፉ ተሳስቷል?» አልኩ።

«አልተሳሳተም። አንድን አገር በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ስታስገቢው ትንንሹ ነገር ይዋጣል። ትልልቆቹን ክልሎች ማወቅ አለብሽ። የተዋጠውን ማውጣት ደግሞ የአካባቢው ሰው ሥራ ነው።»

ስንመለስ ሜዳውን ደግሜ አቋረጥኩት፤ የማሽላው ሽታ ያው ነበር። እኔ ግን ያው አልነበርኩም። እስከዚያ ቀን ቆላ ማለት ከደጋ የተረፈ ዝቅ ያለ ቦታ ይመስለኝ ነበር፤ ማንም ባይለኝም እንደዚያ ነበር የተሰማኝ። አሁን ግን ምዕራቡ የሚመግበው፣ ምሥራቁ የሚጠብቀው መሬት ላይ መወለዴን አወቅሁ። አንገቴ ቀና አለ። አቦይ «ምን ያስቅሻል?» ሲለኝ ነው እየሳቅሁ እንደነበር ያወቅሁት።

ሰኞ መምህሩ በቢላዋ ከሞዴሉ ላይ፣ ከደጋው ዳር፣ ጭቃ ቀረፈ፤ ማሽላዋንም ነቀላት። «ቀሪው ያንቺ ነው» አለኝ። እርጥብ ጭቃ በጣቶቼ አድበለበልኩ፤ ከሜዳችን በስተምሥራቅ አስቀመጥኩና በአውራ ጣቴ ከላይ ወደ ታች ሳብኩት። ረጅምና ቀጭን ጉብታ ወጣ። ዞብልን ሠራሁት። ማሽላዋን በደጋውና በዞብል መሃል መልሼ ተከልኩ፤ አሁን የሚደግፋት ነገር ነበራት።

በወላጆች ቀን ሞዴሉ አዳራሽ ገባ። የወረዳ ኃላፊዎች መጥተዋል፤ ገና ሲገቡ አንደኛው «ይህን የሠራው የትኛው ክፍል ነው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ እኔን አቆመኝ። እጄን ጭቃው ላይ አድርጌ አገሪቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናገርኩ፤ ክልል በክልል፣ ወንዝ በወንዝ። መጨረሻ ላይ ኃላፊው «እኛ አሁን የቆምንበትስ የት ነው?» አለኝ።

«ደጋው ወደ አፋር በሚወርድበት ደረጃ ላይ» አልኩ። «ከምዕራብ ትልቁ ግድግዳ፣ ከምሥራቅ ዞብል። የምናርሰው አፈር ከላይ፣ ከደጋው በጎርፍ የመጣ ነው።»

እናቴ እልል አለች። ለገበያ ከደጋ የወረደ ወንድሟ አጠገቧ ነበር። ጭብጨባው ሳያበቃ በትልቅ ድምፁ፣ «እንዲያ ከሆነማ አፈራችንን መልሱልና!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አናጋው።

«በማሽላ እየመለስን ነው፣ አጎቴ!» አልኩት። ያን ቀን ከቀረበው ምግብ በላይ የጣመው የእኔና የአጎቴ ንግግር ነው፤ ቤት ለቤት ሲዞር ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ የካርታ ጥያቄ አይመለከትሽም ያለኝ መምህር አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ደግሜ ሰማሁት። ጂኦግራፊ መምረጤን የሰማ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራኝና «ይሄ የካርታ ትምህርት ነው፤ ታሪክ ወይም ሕግ ብትይ አይሻልሽም?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ስለ አገሬ መሬት አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ፤ ካልመለስኩ ታሪክ እማራለሁ» አልኩት።

አሰበ። «ከአንቺ አገር ተነሥቼ ቀጥ ብዬ ወደ ምዕራብ ብሄድ፣ ጣና እስክደርስ ምን ምን ላይ እረግጣለሁ?»

ጣቴ ሥር ሁለቱ የአቦይ በሮች መጡልኝ። ጠረጴዛው ላይ ጣቴን እየጎተትኩ ነገርኩት፦ ሜዳውን ሲያበቁ ግድግዳው፣ ከላይ የላስታ ከፍታ፣ የተከዜ መነሻዎች፣ የጋይንት ደጋ፣ ጉና ተራራ፣ ከዚያ ወደ ጣና የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ። «ጫማዎን ግን ይቀይሩ፤ ይሄ አይደርስም» ብዬ ጨመርኩ፤ ሲገባ የሰማሁት የቀጭን ቆዳ ጫማ ድምፅ ነበር። ሳቀ፤ ተቀበለኝም።

ቀላል ነበር አልልም። ጓደኞቼ ካርታዎቹን ወረቀት ላይ በደንብ በተጫነ እስክሪብቶ ይሥሉልኝና ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ያበጠውን መስመር እዳስሳለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዳስሼ ጠዋት ጣቴ የሚደነዝዝበት ጊዜ ነበር። ተመረቅሁ። የተመደብኩት ሮቢት ነው፤ ከቤቴ ብዙ ሳልርቅ፣ እዚያው ሜዳ ላይ።

የመጀመሪያው የሥራዬ ቀን አቦይ «እሸኝሻለሁ» አለ። ሚኒባስ ተሳፍረን ሮቢት ወረድን። በሩ ላይ ተሰናብቶኝ የሚመለስ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ርዕሰ መምህሩን አነጋግሮ፣ አስፈቅዶ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ሳሉን ባልሰማ ኖሮ አላውቅም ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተንሾካሾኩ፤ ዓይነ ስውር የጂኦግራፊ መምህርት አይተው አያውቁም። አራቱን ማዕዘን በእጄ አሳየኋቸው፤ በየትኛው መስኮት በኩል ዞብል እንዳለ፣ በየትኛው በኩል ደጋው እንዳለ ነገርኳቸው። ሹክሹክታው ቆመ። ስለ ክልሎቹ ተናግሬ ሳበቃ ጥያቄው ከየአቅጣጫው መጣ፣ ደወሉ እስኪደወል አላስቀመጡኝም።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ አቦይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የተከፋ መሰለኝ። የጎሊናን ወንዝ ስናልፍ አጠገቡ የነበረው መንገደኛ «ልጅዎ ናት?» አለው።

በቃ፣ ተከፈተ። «ልጄ ናት፤ የጂኦግራፊ መምህርት ናት» አለ፤ ከዚያ ለሰውዬው፣ ለረዳቱ፣ ኋላ ለተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ትምህርቱን ማስተማር ጀመረ። «ኢትዮጵያ መሬቷ በሦስት ይከፈላል። ደጋው አንድ፣ ያኛው ደጋ ሁለት፣ መሃሉ ሦስት። ከሦስቱ ደግሞ ዋናው፣ መሃል እንብርቱ ላይ ያለው የኛ ቆቦ ነው። ተራሮቹ ሁሉ የቆሙት እሱን ሊጠብቁ ነው!»

ረዳቱ «እውነት ነው እንዴ፣ እትዬ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አቦይ ትንፋሹን ይዞ መልሴን ይጠብቅ ነበር፤ ትከሻው ከትከሻዬ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ተሰማኝ። የመጀመሪያ ቀኔ ነበር፤ ሥራዬ ደግሞ ስሕተት ማረም ነው። አላረምኩትም።